የመድፍ ሠሪው ባለቤት

ጋፋት ሲነሣ ሴባስቶፖል አብሮ ይነሣል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ያሠሩት፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረውን የሞሪትዝ ሆልን ባለቤት፣ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ግን የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ገደማ የተወለዱት ወለተ ኢየሱስ፣ በሌላ ስማቸው ካታሪና፣ የጎንደሯ ወይዘሮ እሴተ ወርቅና የጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ልጅ ነበሩ። መቅደላ በሚያዝያ 1868 በወደቀች ሰሞን ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሕፃኒቱም በአምባው ስም ማግዳሌና ተባለች። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ አገር ለቅቆ በያፋ ከተመ።

ወንድ ልጃቸው ዴቪድ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። ማግዳሌና ባሮን ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭን አገባች፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የእርሷ የልጅ ልጅ ነው።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከመቅደላ በኋላ 64 ዓመት ኖረው፣ ልጅና የልጅ ልጅ አይተው በ1932 ዐረፉ። መድፉ ዛሬም በአምባው ላይ ዝም ብሎ ተጋድሟል፤ የእናቲቱ ዘር ግን በየአገሩ ተዘርቶ በቅሏል። ብረቱን ያወቅነውን ያህል እርሳቸውን ብናውቅ ኖሮ፣ የጋፋት ታሪክ በመቅደላ ባላበቃ ነበር።