የመንገደኛ ፕሪም

የቻይናን የደረቀ ፕሪም ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? የተጨማደደች ትንሽ ፍሬ ናት። አፍ ስትገባ መጀመሪያ ጨው ጨው ትላለች፤ ቀጥላ ትኮመጥጣለች። ጣፋጩ ኋላ ነው የሚመጣው። ቶሎ መትፋት የለም!

ፍሬው በጨው ይነከራል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ስኳርም ይገባበታል። ለወራት ስለማይበላሽ ጥሩ ስንቅ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 ዓ.ም. ቻይናውያን ወዛደሮች በመርከብ ሃዋይ ደሴቶች ደረሱ። ቁጥራቸው 195 ያህል ነበር። ለ5 ዓመት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሊሠሩ ተዋውለዋል። ደመወዛቸው በወር 3 ዶላር! ሌሎችም ብዙዎች ተከተሏቸው። ፕሪሙን ወደ ደሴቶቹ ያስገቡት ቻይናውያን ስደተኞች ናቸው።

ስሙ «ሊ ሂንግ ሙይ» ነው፤ የመንገደኛ ፕሪም ማለት ነው። ስም አውጪው መንገድ ያውቅ ኖሯል። ዛሬም በሃዋይ ሱቆች በዚሁ ስም ይሸጣል።