ፍል ውሃና ሳላ፦ በአዋሽ ፓርክ የዕረፍት ታሪክ

ፍል ውሃ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከመዝናኛነቱ በፊት መድኃኒት ነበር። ቁርጥማት የያዘው ወይም ቆዳው የቆሰለ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ወደ ፍል ውሃ ይወርዳል፤ ቀን ቆጥሮም እዚያው ይሰነብታል። አዲስ አበባ ራሷ የዚህ ልማድ ልጅ ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ፣ የመዲናይቱ ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ዛሬ «ስፓ» እየተባለ የሚጠራው አገልግሎት ለአካባቢያችን ሰው ስሙ እንጂ ግብሩ እንግዳ አይደለም።

የዱር አራዊትን በመሪ ታግዞ መመልከት ግን ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። በቀድሞው ዘመን ወደ በረሃ የሚወርደው ሰው አራዊቱን የሚሻቸው ለግዳይ ነበር፤ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ይፎክራል፣ ይሸለማል። ሳይገድሉ ማየት በራሱ ደስታ ነው የሚለው አስተሳሰብ በመንግሥት ደረጃ ሥር የያዘው በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በእውቁ የሥነ ሕይወት ሊቅ በጁሊያን ሃክስሌ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አራዊቱ የሚጠበቁበት ሥርዓት እንዲዘረጋ መከረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1969 ደግሞ በሕግ ጸና።

እነዚህ ሁለት ልማዶች፣ የመታጠብና የመመልከት፣ የተገናኙት በዚህ ፓርክ ውስጥ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ስፋቱም 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ለሁለት ይከፍለዋል። በስተ ደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ሜዳው ጎብኚ ሁሉ ሊያየው የሚመኘው የሳላ መሰማሪያ ነው። ሳላ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች ያሉት፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ፣ ውሃ ሳያገኝ ብዙ መቆየት የሚችል እንስሳ ነው። ሚዳቋው፣ ከርከሮው፣ እንሹውና ከ450 የሚበልጡ የአእዋፍ ዝርያዎችም በፓርኩ ይገኛሉ። ሜዳውን የሚያውቅ ስካውት እንግዳውን ገና ሳይነጋ ይቀሰቅሰዋል፤ ፀሐይ ከበረታች አራዊቱ ወደ ግራሩ ጥላ ይገባሉና።

በስተ ሰሜን ጫፍ፣ ከፈንታሌ ተራራ ባሻገር፣ በዘንባባ የተከበበው ፍል ውሃ አለ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ የኩሬው ወለል ይታያል፤ ሙቀቱም ገላን ያፍታታል። ጧት ሳላ ሲመለከት የዋለ መንገደኛ አመሻሹ ላይ አቧራውን በዚህ ያጥባል። ሆኖም ውሃው ራቅ ብሎ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘው ረግረግ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ። የት መግባት እንደሚቻልና የት እንደማይቻል የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ይህ የአገር ሰው ማን ነው? በዚህ ምድር ከፓርኩ በፊት ከረዩዎች ከብታቸውንና ግመላቸውን ያሰማሩ ነበር፤ በሰሜኑ በኩል ደግሞ አፋሮች አሉ። ለአርብቶ አደሩ የፍል ውሃው አካባቢ ትልቁ ዋጋው መታጠቢያነቱ አልነበረም። በድርቅ ወራት ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲነድ ሣር የሚገኝበት የመጨረሻው መጠጊያ ነበር። በ1960ዎቹ ግን ሁለት አጥሮች በአንድ ጊዜ መጡ። አንደኛው ፓርኩ ነው። ሁለተኛው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በመተሐራ የተከለው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲሆን፣ የወንዙን ዳር ለም መሬት ወሰደ። ከብቱ ከሁለቱም ተገፍቶ በቀረው ጥቂት ሣር ላይ ተጨናነቀ። ከረዩና አፋር በግጦሽና በውሃ ሲጋጩ፣ ጠባቂዎችም ከብት ሲያስወጡ ኖሩ። ስለዚህ «ዕረፍት» የሚለው ቃል በአዋሽ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ እንግዳው ሲያርፍ ባለአገሩ ዕረፍት ያጣ ነበር።

ይህ ታሪክ የአዋሽ ብቻ አይደለም። ያው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ወርዶ ኬንያ ሲደርስ የቦጎሪያን ሐይቅ እናገኛለን። በዳርቻው ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ ሐይቁ ላይ ፍላሚንጎዎች ይሰፍራሉ፤ በአቅራቢያውም ፍል ውሃን ከጉብኝት ጋር የሚያቀርብ ማረፊያ ተሠርቷል። ነገር ግን የኢንዶሮይስ ሕዝብ ከብቱን ጨው የሚያልስበትና አምልኮውን የሚፈጽምበት ይህ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1973 የአራዊት ጥብቅ ክልል ሲደረግ፣ ባለቤቱ ተነሣ። ኢንዶሮይሶች አቤቱታቸውን እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አደረሱ። በ2010 ይፋ የሆነው ውሳኔ የኬንያ መንግሥት መብታቸውን እንደጣሰ ገለጸ፤ የመሬት ባለቤትነታቸው እንዲታወቅ፣ ወደ ሐይቁ በነጻነት እንዲገቡ፣ ከገቢውም ድርሻ እንዲያገኙ ጠየቀ። አፈጻጸሙ እጅግ ቢጓተትም፣ ውሳኔው አንድ ነገር አስጨብጧል፦ የውሃው ፈዋሽነትና የአራዊቱ ውበት ከጠባቂው ሕዝብ መብት ተነጥሎ አይታይም።

ምድሪቱም የራሷ ድምፅ አላት። ፈንታሌ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ቅልጥ ዐለት ያፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከ2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በተራራውና በአካባቢው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ፤ መንገድ ተሰነጠቀ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። ሊቃውንት መንሥኤው ከምድር በታች የሚንቀሳቀሰው ቅልጥ ዐለት እንደሆነ አስረድተዋል። የመታጠቢያውን ውሃ የሚያሞቀውና ቤት የሚያፈርሰው እሳት ምንጩ አንድ ነው። በሰላሙ ቀን ከዚህ ሙቀት የሚገኘው ገቢ ለሎጁ ብቻ ከዋለ፣ በመከራው ቀን ግን ሸክሙ በአርብቶ አደሩ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ሚዛኑ የተዛባ ነው።

እንግዲህ ጉብኝትንና ፍል ውሃን በአንድ ጉዞ ማጣመር መልካም ሐሳብ ነው፤ ተፈጥሮም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለች። ዳሩ ግን የሚሠራ ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያውቅ ይገባዋል። እንግዳን የሚመራው የከረዩና የአፋር ወጣት ደመወዙ የተሟላ፣ እውቀቱ የተከበረ ይሁን፤ በድርቅ ወራት ከብት የሚጠጣበትና የሚግጥበት ስፍራ በስምምነት ይለይ፤ ከመግቢያው ክፍያ የሚታወቅ ድርሻ ለመንደሩ ትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያው ይድረስ። በፍል ውሃው የጥንት ልማድ ሕመምተኛው ስንቁን ይዞ ይመጣል እንጂ ምንጩን አጥሮ የእኔ ነው አይልም። ለአዲሶቹ ማረፊያዎች የሚበጀው ሕግ ይኸው የቆየው ነው።