ቀይ ማሊያ፣ ሃፖኤል ሐደራ

የእግር ኳስ ማሊያ፤ ፖሊስተር

ቀይ የአብዛኞቹ የሃፖኤል ክለቦች ቀለም ነው። የሐደራው ሃፖኤል ለብዙ ዓመታት በታችኞቹ ሊጎች ሲጫወት ቆይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የከተማው ሜዳ ለሊጉ ስላልበቃ የቤቱን ጨዋታዎች ያደረገው በጎረቤት ከተማ በኔታንያ ስታዲየም ነው፤ ደጋፊው ቡድኑን «ቤቱ» ለማየት መንገድ ይወጣ ነበር።

በዚህ ማሊያ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው የቤተ እስራኤል ልጅ የሆነው አማካዩ መናሼ ዛልካ ነው። ከአፍሪካና ከአውሮፓ የመጡ የክንፍ ተጫዋቾች አንድ ሁለት ዓመት ተጫውተው ሲሄዱ እሱ ቆየ፤ ከክለቡ ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተመረጠ። ለአንድ ክለብ እንዲህ ታማኝ መሆን በዛሬው እግር ኳስ ብርቅ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

በሐደራ ብዙ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ይኖራሉ። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። ከዛልካ በፊት ኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ደጎ በ2004 እ.ኤ.አ. ለማካቢ ቴል አቪቭ በሻምፒዮንስ ሊግ አያክስ ላይ ሁለት ግብ አስቆጥሯል። ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጣው የቀኝ መስመር ተከላካዩ ኤሊ ዳሳ ደግሞ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኗል።