ሰበቃ መጣኝ፦ ቀዩ ዘይት ሁሉ ለምን ያው እንዳልሆነ

አርባ ምንጭ ላይ የሚመላለሰው ተሽከርካሪ አብዛኛው ማኑዋል ነው። ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀናው አይሱዙ፣ ወረዳ ለወረዳ የሚሮጠው አባዱላ ፍሪሲዮን ይረገጥላቸዋል፤ በሲቀላና በሴቻ መካከል የሚተራመሰው ባጃጅም ቢሆን ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ ይጨበጣል እንጂ አይቀርለትም። ስለዚህ «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ያለ ሰው ወፍራሙን፣ 90 ቁጥር የሚባለውን ዘይት ቢያቀብሉት አይገርምም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ቀጭን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ኤቲኤፍ ይሉታል። የመምህሩ ቪትዝ ወይም የነጋዴዋ ኮሮላ ሲያረጅ አንዱ ጣጣ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። «ቀዩ ሁሉ ያው ነው» ይባልና አንድ ሊትር ይጨመራል።

ያው አይደለም። የዘይት ጣሳዎቹን እርስ በርስ የሚለያያቸው በእንግሊዝኛ ፍሪክሽን ሞዲፋየር የሚባለው ቅመም ነው፤ እዚህ ሰበቃ መጣኝ ብለነዋል። ሰበቃ በፊዚክስ ትምህርት ለፍሪክሽን የተሰጠው የታወቀ ስም ነው። መጣኝ ያልነው ደግሞ ቅመሙ ሰበቃን ዝም ብሎ ስለማይቀንስ፣ ይልቁንም ልክ ልኩን ስለሚሰጠው ነው። «ማለስለሻ» ቢባል ኖሮ ስሙ ራሱ ባለመኪናውን ያሳስት ነበር፤ በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ከልክ በላይ የለሰለሰ ዘይት አጥፊ ነውና።

ነገሩ የሚገባው ዲስኮቹን ሲያስቡ ነው። የማኑዋል መኪና የፍሪሲዮን ዲስክ ደረቅ ነው፤ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል። የአውቶማቲኩ ዲስኮች ግን ወረቀት መሰል ልባስ የተለጠፈባቸው ስስ ሳህኖች ሆነው ዕድሜ ልካቸውን ዘይት ውስጥ ተነክረው ይኖራሉ። ያው ዘይት በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ባለው ኮንቨርተር ውስጥ የሞተሩን ጉልበት ያሻግራል፣ በግፊቱ ማርሽ ያስገባል፣ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ ሙቀታቸውንም ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል። ከሁሉ የሚከብደው ሥራው ግን ዲስኮቹ ርሰው ሳሉ እንዲይዙ፣ ሲይዙም እንዳያንገጫግጩ ማድረግ ነው። የሰበቃ መጣኙ ሞለኪውሎች በአንድ ጫፋቸው ብረቱ ላይ ተለጥፈው እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ይሠራሉ። ቅመሙ ሲያንስ፣ ተፋጣጭ ዲስኮች ፍጥነታቸው ሊገጥም ሲል ሰበቃው በድንገት ያሻቅባል፤ መኪናው ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከኋላ የተገፋ ያህል ይዘላል። ሲበዛ ደግሞ ዲስኩ ለመያዝ ይዘገያል፤ በዘገየ መጠን ይንሸራተታል፣ በተንሸራተተ መጠን ይግላል፣ ውሎ አድሮ ልባሱ ይቃጠላል። ካምቢዮውን የሚነድፉት መሐንዲሶች የልባሱን ዓይነት፣ የግፊቱን ልክና ዘይቱን አንድ ላይ አስልተው ነው የሚወስኑት። አንዱን ለይቶ መለወጥ ስሌቱን ያፈርሳል።

ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን፣ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያውን አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ እ.ኤ.አ. ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል አቀረበ። በ1949 ታይፕ ኤ የሚል የዘይት መስፈርት አወጣ። የዚያን ጊዜው ሰበቃ መጣኝ፣ ማን ይጠረጥራል፣ ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር! በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ የዓሣ ነባሪ ምርት ንግድን ስትከለክል ኬሚስቶቹ ምትክ ፍለጋ ተሯሯጡ። በ1967 ታይፕ ኤን የተካው ዴክስሮን ሰበቃ መጣኝ ያለበት ዘይት ሲሆን፣ የፎርዱ ታይፕ ኤፍ በተቃራኒው ሰበቃ መጣኝ የሌለበት፣ ቶሎና አጥብቆ የሚይዝ ነበር። ሁለቱም ቀይ ነበሩ። ቀይ ማቅለሚያው ለሌላ አይደለም፤ መሬት ላይ የተንጠባጠበው ዘይት ከሞተር ይሁን ከካምቢዮ እንዲለይ ብቻ ነው። ስለ ጥራትም ስለ ዓይነትም የሚናገረው ነገር የለም።

ወደ እኛ መኪኖች እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሁን በእጅ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። በ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት የተሠራው አውቶማቲክ ኮሮላ የሚፈልገው ዴክስሮን 2 ወይም 3 ነው። እ.ኤ.አ. ወደ 2000 ገደማ ቶዮታ የራሱን ቲ-4 አመጣ፤ የመጀመሪያው ቪትዝና ከ2001 እስከ 2005 የተሠራው ራቭፎር በዚህኛው ነው የሚሠሩት። ቀጥሎ የመጣው ደብሊው ኤስ ነው። ቆየት ያሉት ሚትሱቢሺና ሃዩንዳይ በብዛት ኤስፒ-3 ይላሉ፤ የድሮው ኒሳን ማቲክ-ዲ። ይህን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ዘንግ ራሱ የዘይቱ ስም ተቀርጾበት ይመጣል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዘንጉን መዝዞ በጨርቅ መጥረግና ማንበብ ከማንም ምክር ይበልጣል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ዘንጉ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የገባ፣ ወይም ካምቢዮው ራሱ ተቀይሮ የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ከማን እንደገዙትና ምን እንደተሠራበት መጠየቅ ይገባል።

ለአሮጌ መኪና ምርጫው የሚወሳሰበው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ አቁሟል። ዛሬ ጣሳ ላይ «ዴክስሮን 3» ተብሎ ሲጻፍ ከጀርባው የሚቆጣጠረው አካል የለም፤ ያለው የአምራቹ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የማን ምርት እንደሆነ ማየት ግድ ነው፤ አምራቹ ያልታወቀ ርካሽ ጣሳ ይቅር። ሁለተኛው ውፍረት ነው። በ100 ዲግሪ ሙቀት ዴክስሮን 3 ወደ 7.5 ሴንቲስቶክ ይለካል፤ አዲሶቹ ዴክስሮን 6 እና ደብሊው ኤስ ወደ 6 ወርደዋል፣ ነዳጅ ለመቆጠብ። ዴክስሮን 6 የዴክስሮን 3 ምትክ ነው ሲባል ቃሉን የሰጠው ጄኔራል ሞተርስ ስለ ራሱ ካምቢዮዎች ነው። ፓምፑ ባረጀ፣ ጎሚኒዎቹ በደረቁ ካምቢዮ ውስጥ ቀጭን ዘይት በየስንጥቁ ያመልጣል፣ ግፊትም ይወርዳል። ቲ-4 የሚል መኪና ላይ «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ደብሊው ኤስ መጨመር ውለታ አይደለም።

በጎን አንድ ነገር ላንሳ። የድሮ ቶዮታዎች መሪያቸውም በዴክስሮን 2 ወይም 3 ነው የሚሠራው። ለመሪ የተገዛው ጣሳ ተርፎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና፣ ካምቢዮው ጎደለ ሲባል እዚያ ይገባል። ለ1990ዎቹ ኮሮላ ምንም አይደለም፤ ለቪትዙ ግን የተሳሳተ ሰበቃ መጣኝ ነው።

ይህ ስሕተት ሜዳ ላይ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ጋሞ ውስጥ ግን የጨንቻ መንገድ አለ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት፤ ጨንቻ ወደ 2,700። በመካከል ያለው 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፊሉ የአባያ ዳር ሜዳ ስለሆነ፣ ዳገቱ በቀሪው ላይ ተጠቅልሎ ነው በመንገዱ ላይ ወዳለችው ዶርዜ የሚወጣው። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ተራ የቤንዚን ሞተር ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። ነጂው ነዳጅ ይረግጣል፣ ካምቢዮው ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፣ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ዘይቱን ሲያሽከረክር ይውላል፤ ከሞተሩ ጉልበት አንዱ ክፍል ጎማ ጋ ሳይደርስ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በደህና ቀን ከ80 እስከ 95 ዲግሪ የሚቆየው ዘይት 120ን ሲያልፍ መጥቆር ይጀምራል፣ ጎሚኒ ያደርቃል። የአርባ ምንጭ ቀትር ሲጨመርበት ራዲያተሩም ብዙ አይረዳም። ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ጮኾ መኪናው የማይከተል ከሆነ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነውና ዶርዜ እስኪደርሱ አይጠበቅም፤ ቆሞ ማብረድ ነው።

ራዲያተር ካልን ዘንድ፦ በእነዚህ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚበርደው በራዲያተሩ ሆድ ውስጥ በምታልፍ ትንሽ ቱቦ ነው። ራዲያተሩን ለዓመታት በተራ ውሃ መሙላት ቱቦዋን ያዝጋል። የተበሳች ዕለት ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ዘንጉ ላይ የሚታየው እንጆሪ ወተት የመሰለ ነገር ይሆናል። ውሃ የዲስኮቹን ልባስ ሙጫ ስለሚያላቅቅ ከዚያ በኋላ ዘይት መቀየር ብቻውን አያድንም።

ለዓመታት ሳይቀየር የኖረን ዘይት መቀየርስ? ብዙ መካኒክ «ከነካኸው ይሞታል» ይላል፤ ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ የማቃጠል ሽታ ካለው፣ ማርሽም የሚንሸራተት ከሆነ ልባሱ አልቋል፤ አዲስ ዘይት ያለቀ ልባስ አይመልስም፣ የተደበቀውን ሊያወጣው ይችላል እንጂ። ዘይቱ ቡናማ ሆኖ ማርሹ ግን ደህና ከሆነ መቀየሩ ተገቢ ነው፤ በማሽን ግፊት አጥቦ ማውጣት ሳይሆን በየተራ። ከሥር ቡሎን ሲከፈት የሚወርደው ከግማሽ በታች ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። 40 በመቶ ይወርዳል ብንል፣ በየተወሰነ ሳምንት ሦስት ጊዜ የተቀየረ ካምቢዮ ውስጥ አሮጌው ዘይት ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። የተሳሳተ ዘይት ለገባበትም መንገዱ ይኸው ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ከታወቀ ግን ዘይቱ ወደ ኮንቨርተሩ ስላልተሰራጨ አንዴ ማውረድ አብዛኛውን ያወጣዋል።

ይህ ሁሉ የተባለው ዲስክ ስላለው አውቶማቲክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ ከጃፓን ገበያ የመጡት ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው፤ ማርሽ የላቸውም፣ የብረት ቀበቶ በሁለት ተሽከርካሪ የሾጣጣ ጥንዶች መካከል ጉልበት ያሻግራል። ቀበቶው መያዝ እንጂ መንሸራተት የለበትም፤ ዘይቱም የራሱ ነው። ቀዩ ኤቲኤፍ፣ ምርጥ የተባለው ዓይነት እንኳ፣ እዚያ አይገባም።