ድምፅ የሌለው የፊደል ገበታ



በሙያዬ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሥነ ልሳንና ሒሳብ ግን ከሥራ በኋላ የማመሽባቸው ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በትርፍ ጊዜው ምልክት ሲቆጥር ስለኖረ ሌላ ሰው፣ ስለ እንግሊዛዊው አርክቴክት ማይክል ቬንትሪስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 ቬንትሪስ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ አርኪዮሎጂስቱ አርተር ኢቫንስ በቀርጤስ ደሴት ቆፍሮ ስላገኛቸው የሸክላ ጽላቶች ለንደን ውስጥ ሰማ። «ሊኒየር ቢ» የተባለውን ጽሕፈት ማንም ማንበብ አልቻለም ነበር።

የመጀመሪያው ፍንጭ ቁጥር ነው። የድምፅ ምልክቶቹ 90 ያህል ናቸው። ይህ እንደ ላቲን ላለ ፊደል ይበዛል፤ እያንዳንዱን ቃል በየራሱ ምልክት ለሚጽፍ ሥርዓት ደግሞ እጅግ ያንሳል። እንግዲያው እንደ እኛ ፊደል፣ አንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ይይዛል ማለት ነው።

ሁለተኛውን እርምጃ የተራመደችው አሜሪካዊቷ አሊስ ኮበር ናት። እኛ «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቴ» ስንል ት፣ ቱ እና ቴ አንድ ተነባቢ ይጋራሉ፤ ዝምድናቸውም በቅርጻቸው ይታያል። በሊኒየር ቢ ቅርጹ ምንም አይናገርም። ኮበር ዝምድናውን ከቃላቱ መጨረሻ መለዋወጥ አወጣችው፤ ንባቡን ሳታይ ግን በ1950 ዐረፈች።

ቬንትሪስ ተነባቢ የሚጋሩትን ምልክቶች በአንድ ረድፍ፣ አናባቢ የሚጋሩትን በአንድ ዓምድ ደረደረ። ድምፁ ብቻ የጎደለው የሀሁ ገበታ ማለት ነው። ከዚያ አንዳንድ ቃላት ክኖሶስንና አምኒሶስን የመሳሰሉ የቀርጤስ ቦታዎች ስም ይሆናሉ ብሎ ገመተ። ጥቂት ድምፆች ሲገቡ ገበታው ሌሎቹን አስከትሎ ሞላ። የወጣው ቋንቋ ግሪክኛ ነበር።

ቬንትሪስ ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋው የኢትሩስካን ዘመድ ነው ብሎ ያምን ነበር። ገበታው እምነቱን ሲያፈርስበት እምነቱን ተወ፤ በሐምሌ 1952 መጀመሪያም በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርቦ ግኝቱን ለሕዝብ ተናገረ። በ1956፣ በ34 ዓመቱ፣ በመኪና አደጋ ሞተ።

እኔም ስለ አንድ ቃል አመጣጥ ለዓመታት የወደድኩት መላ ምት ነበረኝ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ማስረጃዎቼን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ከሚደግፉት የሚቃረኑት በለጡ። ለብዙ ተማሪዎቼ እርግጠኛ ሆኜ ያስተማርኩት ነበርና፣ ዛሬ በፊታችሁ ትቼዋለሁ።