ከፊልሙ በፊት የሚያገሣው አንበሳ

ሲኒማ ቤት ገብተን መብራት ሲጠፋ፤ የተዋንያኑ ስም ገና ሳይታይ፤ በወርቃማ ክብ ውስጥ ሆኖ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ የሚያገሣውን አንበሳ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አባቶቻችንም በጊዜያቸው አይተውታል። ስለዚህ አንበሳው አንድ ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን አንበሳ ከሃያ ዓመት በላይ እምብዛም አይኖርምና፤ ይህኛው እንዴት መቶ ዓመት ሊኖር ቻለ ብለን ነገሩን ለመመርመር ተነሣን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአርማው መነሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ማግኘታችን እኛን ተማሪዎችን ደስ አሰኝቶናል። ሃዋርድ ዲትዝ በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት ነበር። ጎልድዊን ለተባለው የፊልም ኩባንያ አርማ ሲያዘጋጅ፤ የዩኒቨርሲቲው ስፖርተኞች ምልክት የሆነውን አንበሳ ወስዶ በፊልም ጥቅል ከበበው። በክቡም ላይ በላቲን ቋንቋ «ጥበብ ለጥበብ ሲባል» የሚል ቃል ሰፈረ። ለትርፍ የቆመ ኩባንያ እንዲህ ያለ ቃል መሸከሙ ጥቂት አስቆናል። በ1924 ዓ.ም. ሦስት ኩባንያዎች ተዋሕደው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር በተባሉ ጊዜ አንበሳውም ለአዲሱ ኩባንያ ተላለፈ።

በአዲሱ ኩባንያ ስም መጀመሪያ የታየው በ1919 ዓ.ም. በደብሊን የአራዊት ማቆያ የተወለደው ስላትስ ነው። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ ስላልነበረው፤ ስላትስ ዝም ብሎ ግራና ቀኝ ይመለከት ነበር እንጂ አያገሣም። ግሣት የተሰማው በ1928 ዓ.ም. በተተኪው በጃኪ ጊዜ ነው፤ እርሱም ከሸክላ ላይ በግራሞፎን የሚሰማ ነበር። ጃኪ በጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ባለ ቀለም ፊልም ሲመጣ ቴሊና ኮፊ ለሙከራ ተነሡ፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ቦታውን ታነር ያዘ። የቶምና ጄሪን የቆዩ ፊልሞች ያየ ሰው ታነርን አይቷል ማለት ነው። ጆርጅ የተባለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ታየ። በ1957 ዓ.ም. የመጣው ሊዮ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ በአርማው ላይ ቆየ። ሲቀረጽ ገና ወጣት ስለ ነበረ ጎፈሩ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ በዚህም ይለያል።

በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያው ለማስታወቂያ ሲል አንድ አንበሳ በአውሮፕላን ከሳን ዲዬጎ ወደ ኒው ዮርክ ላከ። አውሮፕላኑ በአሪዞና ተራሮች መካከል ወደቀ። አብራሪው ማርቲን ጄንሰን አንበሳውን ከነቀፎው ትቶ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ሄደ፤ ሰዎች ሲደርሱም አንበሳው በሕይወት ተገኘ። አንበሳው ስለዚያ መፈክር ምን እንዳሰበ ማን ይጠይቀው!

አርማው በፊልሙ ጠባይ የተለወጠበትም ጊዜ አለ። በ1959 ዓ.ም. «ቤን ሁር» ሲሠራ፤ መክፈቻው የጌታችን ልደት ስለ ነበረ በዚያ ፊት ማግሣት አይገባም ተብሎ አንበሳው ሳይንቀሳቀስና ድምፅ ሳያሰማ ቀረበ። ካነበብነው ሁሉ እኛ ይህን አብልጠን ወደድን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ዘመናዊ ለመሆን ፈልጎ ሕያውን አንበሳ በሥዕል ለወጠው፤ በ1968 ዓ.ም. በወጣው በስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ጉዞ ፊልም ላይ የሚታየው ይኸው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሊዮ ተመለሰ።

ይልቁንም ያስገረመን የድምፁ ነገር ነው። በ1980ዎቹ ማርክ ማንጂኒ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ግሣቱን እንደ ገና ሲያዘጋጅ፤ የአንበሳ ድምፅ የሚፈለገውን ያህል አስፈሪ ስላልሆነለት የታይገርን ድምፅ ጨመረበት። ስለዚህ ስንፈራው የኖርነው ድምፅ የአንበሳው አልነበረም።

በ2021 ዓ.ም. ሊዮም ተነሣ። አሁን የሚታየው በኮምፒውተር የተሠራ አንበሳ ነው፤ ጎፈሩ ከሊዮ ጎፈር ይልቅ የተበጠረ ይመስላል። ከመካከላችን ግማሹ ልዩነቱን በዓይኔ አውቃለሁ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ይህን አያምንም፤ ክርክሩም ገና አላለቀም።