የፎገራ ከብት፦ የጣና ዳርቻ ጥንታዊ ሀብት

የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ የከብት አገር ነው። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች በየክረምቱ ደለል በሚያለብሱት በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ሜዳ ሲረባ የኖረው ከብት የፎገራ ዝርያ በመባል ይታወቃል።

ተመራማሪዎች ዝርያውን «ዘንጋ» ከሚባለው፣ ሳንጋና ዜቡ ከብቶች ተዳቅለው ከተገኘው ምድብ ያስገቡታል። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ቡሬ ሲሆን ቀንዱ አጭር ነው። ላሟ ከአገር በቀል ከብቶች መካከል በወተቷ ትመሰገናለች፤ በሬው ገራምና ለእርሻ የተመቸ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ረግረጉንና ዝንቡን መቻሉ ከሌላው ይለየዋል። ክረምት ሜዳው በውኃ ሲሸፈን ወደ ደጋማው ቦታ ይወጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ተመልሶ ለምለሙን ሣር ይግጣል። ዝርያውን ለዚህ አካባቢ ያበቃው በትውልዶች የተደጋገመው ይኸው ኑሮ ነው።

የዝርያው ጥቅም በመታወቁ እ.ኤ.አ. በ1964 ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ የአንዳሳ ጣቢያ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በቻግኒ አቅራቢያ የመተከል ከብት እርባታ ተመሥርቶ የፎገራን ላም ከፍሪዥያን በማዳቀል ጊደሮችን ለገበሬዎች ያከፋፍል ጀመር።

ይሁን እንጂ በሜዳው ላይ ሌላ ለውጥ መጣ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በአካባቢው የገበሬዎች አምራች ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ቀስ በቀስ ረግረጉን ያዘ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። ሩዝ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ አሻሽሏል፤ ገበሬው ወደ ሩዝ በመዞሩ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ሩዝና ጓያ የተዘሩበት መሬት የቀድሞው የከብቱ ግጦሽ ነበር። በቀረው ሜዳ ላይ አሜኬላ ተስፋፋ፤ በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታወቀው እምቦጭም ዳርቻውን አጣበበ። በበጋ ለግጦሽ የሚወርደው የደጋ ከብት ከፎገራው ጋር ተቀላቀለ። ግጦሽ ሲጠብም ጥሩው ወይፈን ለእርባታ ሳይደርስ ይሸጣል ወይም ይኮላሻል።

ድቅሏ ላም ብዙ ወተት መስጠቷ እውነት ነው። ሆኖም የፎገራ ደም ያላት ድቅል የምትገኘው ንጹሕ የፎገራ ላም እስካለች ድረስ ብቻ ነው። የእህል ዘር በጎተራ ይከርማል፤ የከብት ዘር ግን በዋነኛነት የሚጠበቀው በሜዳ ላይ ነው።

አንድ ገበሬ ብቻውን ኮርማ አስቀምጦ ግጦሽ መከለል ይከብደዋል። ማኅበር ግን የጋራ ኮርማ ሊይዝ፣ የወል ግጦሽን በመተዳደሪያ ደንብ ሊጠብቅ፣ የሩዝ ገለባን ለመኖነት ሊያከማች ይችላል። የወረዳ አስተዳደሮችም የቀረውን የወል መሬት ሲያከፋፍሉ ይህን ሊያስቡበት ይገባል። ሩዙን የሚያርሰው በሬ ራሱ የዚህ ሜዳ ልጅ ነውና፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል ለፎገራ ከብትም ይሠራል።